ድራሙ የወጣለት «ራንደም አክሰስ መሞሪስ»፦ ያስጨፍራል ወይስ አያስጨፍርም?

የፒያሳ ጆሮ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣ ጉዳይ ስላለ እናንተ ዘንድ ይዤው መጥቻለሁ። የሮቦት ቁር አጥልቀው የሚታወቁት የሁለቱ ፈረንሳዮች የዳፍት ፐንክ የመጨረሻ አልበም «ራንደም አክሰስ መሞሪስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ቶማስ ባንጋልቴርና ጊ ማኑኤል ደ ኦሜም ክሪስቶ መለያየታቸውን ካሳወቁ ሁለት ዓመት አልፎ፣ በኅዳር 2023 ይኸው አልበም ድራሙና የምት መሣሪያዎቹ ወጥተውለት እንደገና ታተመ። ወሬውን ስሰማ አልገባኝም ነበር። በዳንስ ሙዚቃ ስም ያተረፉ ሰዎች ከሥራቸው ላይ ድራሙን ካነሡት ምን ሊቀር ነው ብዬ፣ ጨው ያልገባበት ወጥ እንደሚቀርብልኝ ቆጥሬ፣ ሳላደምጠው ቆየሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ሥራ መሥራት ስላልቻልኩ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ፣ በስልኬ ላይ በቀረው ትንሽ ባትሪ፣ «ሉዝ ዩርሰልፍ ቱ ዳንስ» የሚለውን ዘፈን ያለ ድራም ከፈትኩት። የናይል ሮጀርስ ጊታር ገባ፤ ቤዙ አብሮት ሄደ። ጥቂት ቆይቼ ተረከዜ ወለሉን እየመታ መሆኑን አስተዋልኩ፤ የሚመታውም ዱሮ ድራሙ ያርፍባት በነበረችው ቦታ ላይ ነው። ማንም ሳይነግረው እግሬ ቦታዋን ያውቃታል።

መተዳደሪያዬ ስቱዲዮ ውስጥ ሚክሲንግ መሥራት፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠን ነው። ከታላላቆቻችን የተማርነው ድራም የቤቱ ምሰሶ እንደሆነና ሌላው ሁሉ እሱ ላይ እንደሚደገፍ ነው። እዚህ አልበም ላይ ግን ምሰሶው ጊታሩ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነው። ልብ ብላችሁ ብታዳምጡት የሮጀርስ ቀኝ እጅ ጨርሶ አያርፍም፤ ኖታ በማያወጣበት ጊዜ እንኳ በግራ እጁ ክሩን አፍኖ ይመታዋል፣ ደረቅ «ቸክ» የሚል ድምፅም ይወጣል። ያ አፍኖ የመምታት ድምፅ ራሱ ምት ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ የድራሙ ድምፅ ከላዩ ስለሚያርፍበት እንደ ቅመም ብቻ ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን ብቻውን ቆሞ ዘፈኑን ተሸክሞ ይሄዳል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያለ ድራም የሚያስጨፍር ከሆነ፣ ይህ አልበም ከመነሻውም የዳንስ አልበም የነበረው በድራሙ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው? ወይስ እኔን ያስጨፈረኝ የመጀመሪያው እትም ትዝታ ነው? ሁለቱንም የሰማችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ቤዝ መቺ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ቤዝ ለሚመታ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ጊታሩን አነሣህ፣ ቤዙን ግን በአንድ ቃል አለፍከው።

የዚሁ አልበም ዘፈን በሆነው «ጌት ላኪ» ላይ ቤዝ የሚመታው ናታን ኢስት፣ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ኦማር ሃኪም ነው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ለአሥርታት በታላላቅ አልበሞች ላይ የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሃኪም ከጃዝ ባንዱ ከዌዘር ሪፖርት ጋር የተጫወተ፣ የዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» ላይም እጁ ያለበት ሰው ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ስለሚሄዱ የእግር ድራሙን ከቤዙ መለየት ያስቸግራል። ድራሙ ሲነሣ ግን ኢስት እያንዳንዱን ኖታ ምን ያህል እንደሚያቆየውና የት ላይ እንደሚቆርጠው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ለጀማሪ ተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው ቤዝ ማለት መምታት ብቻ እንዳልሆነ፣ ኖታውን የምታቆምበት ቦታ ከምትጀምርበት ቦታ እኩል እንደሚያስጨፍር ነው። ቃሌን የሚሰማኝ አልነበረም፤ አሁን ይህን እትም አስደምጣቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጌት ላኪ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአራት ኮርዶች ብቻ ይዞራል፤ ቢ ማይነር፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ኢ። እነዚህ አራቱ እንዴትም ብትሰማቸው ተሟልተው ቤታቸው አይገቡም። አራተኛው ላይ ስትደርስ አሁን ሊያርፍ ነው ትላለህ፣ እሱ ግን ተመልሶ ይጀምራል። ሰው ጭፈራውን የማያቆመው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ዘፈኑ ማቆሚያ አይሰጠውምና። ይህ ደግሞ ከድራም ጋር ግንኙነት የለውም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁለታችሁንም አክብሬ እቃወማለሁ። ዲጄነት ስሠራ 16 ዓመቴ ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የአዲስ ዓመት ዝግጅት፣ የቀረኝ የለም። አንድ አልበም የዳንስ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ወለሉ ነው እንጂ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ጆሮ አይደለም።

«ጌት ላኪ» ሲከፈት ወለሉ ይሞላል፤ ይህን አልክድም። ከአልበሙ 13 ዘፈኖች ውስጥ ግን በአንድ ምሽት ላጫውታቸው የምችላቸው ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። «ተች» ከስምንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አምስት ጊዜ ያህል መልኩን ይለዋውጣል። አንድ ጊዜ ከፍቼው ሰዎች መሐል ወለል ላይ ቆመው እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። «ዊዝን»፣ «ዘ ጌም ኦፍ ላቭ»፣ «ማዘርቦርድ» ለመኪና መንገድ ወይም ለእንቅልፍ ሰዓት የሚሆኑ ናቸው። «ሉዝ ዩርሰልፍ ቱ ዳንስ» እንኳ ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት ስለሆነ፣ የሐውስ ሙዚቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 ስለማይወርድ፣ ከሌላ ዘፈን ጋር ማጋጠም ፈተና ነው። በዚያ ላይ በሰው እጅ የተመታ ድራም እንደ ማሽን እኩል ስለማይሄድ፣ አጋጠምኩት ስትል ይሸሽሃል።

የእኔ ቅሬታ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። የመጀመሪያው አልበማቸው «ሆምወርክ» በ1997 ሲወጣ የተሠራው ፓሪስ ውስጥ በመኝታ ቤት ነበር። ሁለት ወጣቶች፣ ጥቂት የድራም ማሽኖችና ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ ሲንተሳይዘሮች፣ ሌላ ምንም። እኔ ያንን አልበም ስሰማ ባንድ የለህም፣ ስቱዲዮ የለህም፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባህም፣ ቢሆንም ትችላለህ ያለኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ዛሬ የያዝኩትን ሥራ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው። 2013 ላይ ደርሰው ግን በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ ውድ ስቱዲዮዎች የዓለምን ምርጥ ሙዚቀኞች ሰብስበው ሠሩ፤ በጥር 2014 የዓመቱ አልበም ተብለው ግራሚ ሲሸለሙም ብዙ ሰው «እውነተኛ ሙዚቃ ተመለሰ» እያለ ሲያመሰግናቸው ሰማሁ። ታዲያ «ሆምወርክ» ሐሰተኛ ነበር ማለት ነው? እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ማሽንን የሙዚቃ መሣሪያ አድርገው ያስከበሩት ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ የተከበሩት ማሽኑን ወደ ጎን ሲያደርጉት ነው።

ትርንጎ፣ ፍራንክፈርት

እስካሁን የተጻፈውን በሙሉ አንብቤያለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁም። እኔ መሣሪያ አልጫወትም፤ አድማጭ ብቻ ነኝ። ከቅዳሜ ማታ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ «ተች» ለወለል አይሆንም። ነገር ግን አልበሙን የማይሰለች ያደረገው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ስሙን ተመልከቱት። ራንደም አክሰስ መሞሪ ማለት ኮምፒውተር ሥራውን ሲሠራ ብቻ የሚይዘው፣ ኃይል ሲቋረጥ ሁሉንም የሚረሳው ማኅደር ነው። እነሱ ግን ቃሉን ወደ ብዙ ቁጥር ለውጠው የሰው ልጅ ትዝታ አደረጉት። የኛ ባለቅኔዎች ቢያገኙት ኅብረ ቃል ይሉት ነበር፤ ሰሙ ማሽን፣ ወርቁ ትዝታ። አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው ይህንን ነው፤ ማን እንደሆነ ያልገባው ማሽን ሰው መሆንን ሲመኝ። «ዊዝን» ላይ ያለው የሮቦት ድምፅ ማን እንደሆነ እንዲነግሩት የሚለምን ነው። ያ ድምፅ የሚሠራው በቮኮደር ነው፤ ዘፋኙ ቃሉን በአፉ ሲቀርጸው የሚሰማው ኖታ ግን ከሲንተሳይዘሩ የመጣ ነው። ስለዚህ የምንሰማው የሰው አፍ ከማሽን ትንፋሽ ጋር አንድ ላይ ሆኖ ነው። የሚያለቅስ ሮቦት ስሰማ ሳቅ ሊመጣብኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

«ተች» ላይ ደግሞ ፖል ዊሊያምስ ይዘፍናል። የተወለደው በ1940 ነው፤ አልበሙ ሲወጣ 72 ዓመቱ ነበር። ድምፁ ያረጀ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ጫፍ ጫፉ የተላጠ ነው። በሮቦቶች መካከል ያ ያረጀ ድምፅ ሲገባ፣ መዳሰስ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሰው ሰው ይሁን ማሽን አታውቁም። ያለ ድራም ሳደምጠው መጀመሪያ ላይ ያለው ጭር ያለ ክፍል ረዘመብኝ፣ እሱም ብቻውን የቀረ መሰለኝ፤ በኋላ ብዙ ድምፆች በኅብረት ሲገቡ ግን ከምት ነፃ ሆነው እንደ ማዕበል እየመጡ ያልፋሉ። ባቡር ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አልፌ ሁለት ጣቢያ ሄጃለሁ።

ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው ያስጨፍራል አያስጨፍርም አይደለም። ዘፈኑ የሚጠይቀውን ነገር ድራሙ ይሸፍነው ነበር ወይ ነው። በ«ተች» ላይ ይሸፍነው ነበር እላለሁ።

የሸክላ ዘመን፣ አዲስ አበባ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ የራሴ ዘመን ትዝ ስላለኝ ጥቂት ልናገር።

ጆርጂዮ ሞሮደር የሚባለው ሰው እዚህ አልበም ላይ የሕይወት ታሪኩን ሲናገር ትሰማላችሁ። እሱ ሲያወራ ድምፁን የቀረጹት ከተለያየ ዘመን በመጡ ማይክሮፎኖች ነው፤ ስለ ቀድሞው ጊዜ ሲናገር በቀድሞው፣ ስለ ዛሬው ሲናገር በዛሬው እንዲሰማ ታስቦ ማለት ነው። ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ጥቂት እንደሆነ እያወቁ ይህን ማድረጋቸው ሥራቸውን ምን ያህል እንደሚያከብሩ ያሳየኛል። ሞሮደር በ1977 ከዶና ሰመር ጋር «አይ ፊል ላቭ»ን ሲሠራ፣ ቤዙም ሌላውም በሙግ ሲንተሳይዘር ነበር የተሠራው። ይሁን እንጂ ማሽኑ በቂ ጉልበት ያለው የእግር ድራም ሊያወጣላቸው ስላልቻለ፣ ኪት ፎርሲ የሚባል ድራመር ተቀምጦ በእግሩ መታው። ዓለም የመጀመሪያው የማሽን ዳንስ ብሎ በሚያወድሰው ዘፈን ውስጥ ልብ የሚመታው የሰው እግር ነው። ቅዳሜ ማታ የተባልከው ልጄ፣ ማሽንና ሰው ያን ያህል የተራራቁ እንዳልነበሩ በዚህ እይልኝ።

በዚያው በ1977 እዚህ አዲስ አበባ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ «ጨ በለው»ን ቀርጸዋል። ሰዓት እላፊ የታወጀበት ጊዜ ስለነበር፣ ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው ሌሊቱን እዚያው አሳልፎ ሲነጋ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ዘመን ነው። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከዚያ ኃይሉ አሜሪካ ቀረ፤ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና አንዲት የድራም ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ባንድ የነበረው ሰው ባንዱን በማሽን ተክቶ የልጅነቱን ዜማ ተጫወተ። ያ ካሴት በውጭ አገር እንደገና ታትሞ የወጣው መቼ ነው? በ2013፣ ይህ የእናንተ አልበም በወጣበት ዓመት። እኔ ሁለቱንም ልጄ በዚያው ክረምት ከውጭ አምጥቶልኝ አደመጥኩ። አንደኛው ከባንድ ወደ ማሽን የሄደ፣ ሁለተኛው ከማሽን ወደ ባንድ የተመለሰ። ኃይሉ ማሽኑን ሲጠቀም ያዘነበት አይመስለኝም፤ ያቺ ድራም ማሽን ደረቅና ያው በያው ብትሆንም አኮርዲዮኑ በላይዋ እንደ ልቡ ይንሸራተታል።

ቅሬታ ካነሣን የእኔም አለኝ። ኪቦርድ ሲመጣ፣ ዋን ማን ባንድ ሲበዛ፣ አብሮኝ ያደገ ሳክስፎን ነፊ ጓደኛዬ ሥራ አጥቶ መሣሪያውን ሸጦታል። ማሽኑን አልወቅሰውም፤ ሳክስፎኑን ለመስማት ጊዜ ያጣን እኛ ነን። ለዚህ ነው እነዚህ ሁለት ፈረንሳዮች ማሽኑን እጃቸው ላይ እያለ ሰው ፈልገው መሄዳቸው ልቤን የነካው።

የፒያሳ ጆሮ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ኪት ፎርሲ የነገሩን ነገር ጥያቄዬን ገልብጦብኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት።

ለቅዳሜ ማታ መልስ ልስጥ። ማሽኑን ወደ ጎን አደረጉት ያልከው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይመስለኝም። «ዱዊን ኢት ራይት» ከአልበሙ ዘፈኖች ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ የተሠራው ብቸኛው ነው፤ የተቀረጸውም በመጨረሻ ነው። ያን ሁሉ ሙዚቀኛ ካሰባሰቡ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ለማሽን ሰጡት። ሥራውም ማሽን እንዴት እንደሚተነፍስ የሚያሳይ ነው፦ ከባድ ዝቅ ያለ ምት፣ የሮቦቶቹ ድምፅ እየተደጋገመ፣ በላዩ ፓንዳ ቤር የሚባለው ዘፋኝ ድምፅ እንደ ልጅ ንጹሕ ሆኖ። «ሆምወርክ»ን የሠሩት እጆች እዚያ ላይ ይታወቃሉ።

በተጨማሪም ሰው ወደ መቅረጽ የመጡት በድንገት አይደለም። «ዲስከቨሪ» በ2001 ሲወጣ ብዙው የተሠራው ከዱሮ ሸክላዎች በተቆረጠ ሳምፕል ነበር፤ «ዋን ሞር ታይም» ውስጥ ያለው ጥሩንባ ከኤዲ ጆንስ የ1979 ዘፈን ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። በኋላ ለ«ትሮን» ፊልም በ2010 ከ85 ሙዚቀኞች ኦርኬስትራ ጋር ሠሩ። ለ«ራንደም አክሰስ መሞሪስ» ያደረጉት እንግዲህ ሳምፕል የሚቆረጥበትን ሸክላ ራሳቸው መሥራት ነው ብዬ አስባለሁ። በአልበሙ ላይ ያለው ብቸኛ ሳምፕል በመጨረሻው ዘፈን በ«ኮንታክት» ላይ ነው፤ እዚያም በታኅሣሥ 1972 ከአፖሎ 17 መንኮራኩር የተላለፈው የጠፈርተኛው የዩጂን ሰርናን ድምፅ ይሰማል።

ስለ «ኮንታክት» ካነሣሁ፣ ከድራም አልባው እትም ያልወደድኩት በተለይ እሱን ነው። በመጀመሪያው እትም ላይ ኦማር ሃኪም ድራሙን ሲደበድበው መንኮራኩሩ ከምድር የሚነሣ ይመስላል። ያለ እሱ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል ይወጣል፣ የሚገፋው ግን የለም። በ«ጆርጂዮ ባይ ሞሮደር» መጨረሻም ተመሳሳይ ጉድለት ይሰማኛል፤ ቫዮሊኖቹ የሚሟገቱት ድራም ጠፍቶባቸዋል። ቤዝ መቺ፣ አንተ ስለ ቤዝ የጻፍከውን ተቀብያለሁ፤ ጥፋቴ ነው።

ዘጠነኛ ፎቅ፣ አዲስ አበባ

ከሁላችሁም ልለይ። አልበሙ ያምራል፣ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ቦብ ሉድዊግ ማስተር ያደረገው፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ የሠራለት ሥራ ይህን ካልመሰለ ምን ሊመስል ነው። ነገር ግን ይሰለቸኛል። ሁሉም ነገር ተወልውሎ የተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ ገብቼ የት ልቀመጥ እንደምል ዓይነት ስሜት ነው ያለኝ። «ዲስከቨሪ» ላይ ሳምፕሉ ተቀድዶ ሲጣበቅ ስፌቱ ይታያል፤ እኔ የምወደው ያንን ስፌት ነው። ድራም አልባው እትም ሳሎኑን ይበልጥ ባዶ አደረገብኝ እንጂ ሌላ ያሳየኝ ነገር የለም።

ቤዝ መቺ፣ ሐዋሳ

ለዘጠነኛ ፎቅ፦ ስፌት ከፈለግህ የ«ዊዝን»ን መግቢያ አዳምጠው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች በኤ ማይነር ናቸው፤ አራተኛው በቢ ፍላት ማይነር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቺሊ ጎንዛሌስ በፒያኖ የሚጫወተው አጭር መግቢያ ነው። ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ጆሮህ ግን ሌላ ክፍል እንደገባህ ይነግርሃል። ስፌቱ እዚያ አለ፣ የተሰፋው ግን በእጅ ነው። ካልተስማማህ አልከፋም፤ ሰው የሚወደውን አልበም በክርክር አይወድድም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጋሼ የሸክላ ዘመን፣ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንደ አባት ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ስለ ጓደኛዎ ሳክስፎን የጻፉት ስለከበደኝ ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልኩም። እኔ ከአንዲት ላፕቶፕ ጋር ሆኜ በምሠራበት ሰርግ ላይ ዱሮ ስድስት ሰባት ሰው እንጀራ ይበላ እንደነበር አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አካባቢ የአንዲት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ላይ ሠርቻለሁ። ቤተሰቡ ሰብሰብ ያለ፣ አዳራሹ ትንሽ፣ 70 ሰው የሚሆን። እራት ተበልቶ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ሰው ገና ወንበሩ ላይ እያለ፣ «ሉዝ ዩርሰልፍ ቱ ዳንስ»ን ያለ ድራም ከፈትኩት። እውነቱን ልናገር፣ የከፈትኩት የፒያሳ ጆሮ መሳሳቱን በዓይኔ አይቼ እዚህ ልጽፍ ብዬ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ሰዎች ያወራሉ። ከዚያ ከተመራቂዋ ጓደኞች ሁለቱ ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ድራመር ቢኖር ስኔር የሚባለውን ድራም በሚመታበት በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ነው የሚያጨበጭቡት። የልጅቷ አክስት ግን፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴት፣ የቡና ስኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በእያንዳንዱ ምት ላይ ያጨበጭቡ ጀመር፤ ልክ ሰርግ ላይ እንደሚደረገው። ሁለቱ ጭብጨባዎች ተገናኙ። እኔ ድራም አልጨመርኩም፤ አዳራሹ ራሱ ድራም ሆነ። ቀጥሎ የአክስቲቱ ትከሻ ተነሣ። እስክስታው ጭብጨባውን አልተከተለም፤ ያንን የሮጀርስን «ቸክ» የሚለውን አፍኖ መምታት ነበር የተከተለው። ዓይኔን አልነቀልኩባቸውም። ትከሻቸው ጊታሩ በሚፈጥንበት ይፈጥናል፣ በሚያርፍበት ያርፋል።

በ«ተች» ላይ ያለኝን አቋም አልለወጥኩም፤ ትርንጎም ብትሆን ለወለል አይሆንም ብላለች። ግራሚውን በተመለከተም ቅር ያለኝ እንደሆነ ነው። በዚህ ዘፈን ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ድራም ቢኖርበት ኖሮ አክስቲቱ ይነሡ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ የሚነሡ አይመስለኝም፤ ድራሙ ማጨብጨቢያ ቦታ አይተውላቸውም ነበር።

የሸክላ ዘመን፣ አዲስ አበባ

ተባረክ ልጄ። አዝማሪ ቤት በአንዲት ማሲንቆ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፈር ያደግን ሰዎች ነን፤ ከበሮ ካለ መልካም፣ ከሌለ ጭብጨባ አለ። ነገሩን በዓይንህ ስላየኸው ደስ ብሎኛል። የተመራቂዋንም ቤተሰብ እንኳን ደስ ያላችሁ በልልኝ።

ቤዝ መቺ፣ ሐዋሳ

ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ማጨብጨቡ የተጀመረው ዘፈኑ የት ላይ ሲደርስ ነው? ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ስለፈለግሁ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መጀመሪያ ላይ ፋሬል ብቻውን ሲዘፍን ማንም አልተነሣም። ሁለቱ ልጆች የተነሡት ሮቦቶቹ እንደ ተቀባይ ሆነው ከሥሩ እየደጋገሙ ሲመልሱለት ነው። አክስቲቱ ስኒያቸውን ያስቀመጡት ከዚያ ቀጥሎ፣ ተቀባዮቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገቡ ነበር።